ለሹክሹክታ የተጠበቀ ስፒከር

እንግዳው ገና ወንበሩን ሳያሞቅ «ድምፁ አነሰ» ባዩ መጣ። ሁልጊዜም አንድ አይጠፋም። ሠርግ ይሁን ክርስትና፣ ሲያትል ይሁን ታኮማ፣ ሰሐኑን እንደያዘ ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ተጠግቶ፣ ጉርሻውን እያላመጠ፣ በአገጩ ወደ ላይ እየጠቆመ «ኧረ ትንሽ ጨምሪበት!» የሚል ዘመድ አለ። ኖላዊት ለእንዲህ ያለው ሰው ሚክሰሩ ላይ ያዘጋጀቻት አንዲት ቁልፍ ነበረቻት። ቁልፏ ከምንም ነገር ጋር አልተገናኘችም። ሰውየው እያየ ወደ ላይ ትገፋለታለች፤ እሱም ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጥና «አሁን ሆነ! ይኸው!» ብሎ እንደ ድል አድራጊ ወደ ክትፎው ይመለሳል። በሌላ ቀን ቢሆን ከኋላው ትስቅበት ነበር።

ዛሬ ግን ሳቅ የሚባል ነገር በአጠገቧ አልነበረም። የታናሽ እህቷ የልዕልት መልስ ነው። ሠርጉ ትናንት በሰላም አልፏል፤ የዛሬው ግብዣ ሲያትል አጠገብ፣ ቱክዊላ፣ ከመጋዘኖቹ መሃል በተከራዩት አዳራሽ ውስጥ ነው። ስፒከሮቹ የኖላዊት የራሷ ናቸው። ሙያዋም ይኸው ነው፤ በአዘቦት ቀን ቤልቪው አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የስብሰባ አዳራሾችን ድምፅ ትቆጣጠራለች። እዚያ እጇን ከፍ ስታደርግ ተናጋሪው ማይኩን ከአፉ ያርቃል፣ «ይቅርታ» ይላል። እዚህ፣ በገዛ ሥጋ ዘመዶቿ መሃል፣ እጇን ከፍ ብታደርግ ለጭፈራ የተነሳች ይመስላቸዋል።

ነገሩ የሙዚቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ትተወው ነበር። የአባቷ ጉዳይ ነው። አቶ ፍቅረ ሥላሴ ለብዙ ዓመት የአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነድተዋል፤ የሲያትል አበሻ ግን የሚያውቃቸው በታክሲያቸው ሳይሆን በምርቃታቸው ነው። የስንቱን ልጅ ሠርግ መርቀዋል! ማይክ ሲሰጧቸው በእጃቸው ገፋ አድርገው «ይሄን ለደካማ ስጡት» ይሉና ወጥ ቤት ድረስ በሚሰማ ድምፅ ይጀምሩት ነበር። ባለፈው ዓመት፣ በብርዱ ወራት፣ ጉሮሯቸው ውስጥ እጢ ተገኘ። ሐኪሞቹ እጢውን አውጥተው ሕይወታቸውን አተረፉላቸው፤ ድምፃቸውን ግን ማትረፍ አልቻሉም። የቀራቸው ሹክሹክታ ነው።

የሙሽራው ወገኖች አሳቢ ሰዎች ናቸውና «ለምን አቶ አክሊሉ አይመርቁላቸውም?» አሉ። አቶ አክሊሉ የአባቷ የረጅም ጊዜ ወዳጅ፣ ድምፃቸው ገና ያልሸመገለ ሽማግሌ ናቸው።  እንግዶቹ ሲወጡ አባቷ ኖላዊትን ወጥ ቤት ውስጥ ክንዷን ያዙና «እናታችሁ የለችም። ልጄን ሌላ ሰው አይመርቅልኝም» አሏት። ይህችን ለማለት መሃል ላይ ቆመው መተንፈስ ነበረባቸው።

«አባዬ፣ ትንፋሽህን ሳይቀር አሰማልሃለሁ» አለች። ቃል ገባች።

ከዚያ ወዲህ ጋራዥ ውስጥ ሲለማመዱ ከረሙ። አባቷ ማይኩን ከንፈራቸው ላይ አስጠግተው ሹክ ይላሉ፣ እሷ ከወዲያ ሆና ታስተካክላለች። ስፒከሩ ውስጥ ሁለት ድምፅ አውጪዎች አሉ፤ ከታች ያለው ትልቁ ከበሮውንና ቤዙን ይሸከማል፣ ከላይ ያለችው ትንሿ ደግሞ ቀጭን ቀጭኑን። ሹክሹክታ ወፍራም የሚባል ነገር የለውም። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ጠ ብቻ ነው። የአባቷ ምርቃት ከነነፍሱ የሚያድረው በትንሿ ውስጥ እንደሆነ ያኔ ገባት። ስፒከር ከአቅሙ በላይ ሲጮህበት ደግሞ ቀድማ የምትሞተው ትንሿ ናት።

ሊሚተር የሚባለው ዕቃ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ጠፍጣፋ ጥቁር ሣጥን ነው፤ በሚክሰሩና ድምፁን በሚያጎላው አምፕሊፋየር መካከል ይቀመጥና ድምፁ ወሰን ሊያልፍ ሲል «እዚህ ላይ ይበቃሃል» ይለዋል። እሱ ከሌለ አምፕሊፋየሩ የሌለውን ጉልበት አምጣ ይባላል፣ ድምፁም ይቀደዳል። የተቀደደው ድምፅ ለጨፋሪው የጦፈ ይመስለዋል፤ በትንሿ ውስጥ ያለችውን እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ ግን ያቃጥላታል። ኖላዊት ይሄን ለስንቱ አስረድታለች! ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

«ኖሊ፣ ሲሪየስሊ፣ ሳውንዱን እኮ አነቅሽው!» አለ ሮቢ።

ሮቢ የሙሽራው የጌዴዎን የአክስት ልጅ ነው፤ ኪቦርድ ይጫወታል። ጎበዝ ነው፣ ጣቶቹ ይባረኩ። ጆሮውን ግን ማን እንደሰጠው አይታወቅም። ለሊሚተሩ «አናቂው» የሚል ስም ያወጣለትም እሱ ነው። በየሠርጉ ስለሚገናኙ ያቺን የውሸት ቁልፍ ያውቃታል፤ እሱን በእሷ ማታለል አይቻልም።

«ሌቭልህን ቀንስ ሮቢ። ቀዩ መብራት እየበራ ነው።»

«ሶ ሰው እንዴት ዳንስ ያድርግ? አንድም ሰው እኮ አልተነሳም!»

«ሰው ያልተነሳው ክትፎው ስላላለቀ ነው።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ ጠጋ አለችው። «ስማኝ ሮቢዬ። አባዬ ሹክሹክታ ብቻ ነው ያለው። ስፒከሩ ከተቃጠለ አንድ ቃል አይሰማም። እሱ እስኪመርቅ ታገሠኝ፤ ከዚያ በኋላ ፈንድቶ ጣሪያ ላይ ቢወጣም ግድ የለኝም።»

«እሺ፣ እሺ። ኦኬ። ገብቶኛል።»

እሺ! በእኛ ሰው ዘንድ እሺ ማለት ሰማሁ ማለት ነው እንጂ አደርጋለሁ ማለት መቼ ሆኖ ያውቃል?

ጠዋት፣ ምርቃቱ ይቅደም ብላም ነበር። ሰው ሳይጨፍር፣ ስፒከሩ ጤነኛ እያለ፣ አባቷ መርቀው ዳቦው ቢቆረስ ምን ነበረበት? «የሙሽራው ሽማግሌዎች ሳይመጡ ዳቦ አይቆረስም» ተባለች። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ከታኮማ ነው። ኮል ሲደረግላቸው «ደርሰናል፣ በር ላይ ነን» ይላሉ፤ ከበስተኋላቸው ግን ገና ጫማውን የሚፈልግ ሰው ድምፅ ይሰማል። እነሱ እስኪደርሱ ያለው ጊዜ ሁሉ በሙዚቃ መሞላት አለበት። ሙዚቃው በተሞላ ቁጥር ደግሞ «ጨምሪ» ባዩ ይበዛል። ሚዜዎቹ ተራ በተራ መጡ። የሙሽራው አጎት መጡ። ለሁሉም ያቺን ቁልፍ ገፋችላቸው፤ ዓይኗ ግን ከቀዩ መብራት ላይ አልተነሳም።

በዚህ መሃል እትዬ እጅጋየሁ ከተፍ አሉ። የአባቷ እህት ናቸው፤ ለወንድማቸው ነፍሳቸውን የሚሰጡ፣ የሰው ነገር መስማት ግን ያልፈጠረባቸው ሴት።

«አንቺ! የሙሽራዋ እህት ገመድ ውስጥ ተወትፋ ትዋል? ፎቶ አንሺው ቤተሰቡን ውጭ አሰልፎ አንቺን ነው የሚጠብቀው!»

«እትዬ፣ ይሄን ትቼ መሄድ አልችልም።»

«ምኑን? ዕቃ እግር የለው፣ ሮጦ አይጠፋ! ሂጂ፣ እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቅልሻለሁ።»

ልዕልት ካባዋን ደርባ ከበሩ ላይ በዓይኗ ጠራቻት። ዛሬ እምቢ የማይባል ሰው ቢኖር እሷ ናት። ኖላዊት ጣቷን በሮቢ ላይ ቀስራ «እንዳትነካ!» አለችው። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀላት። ወጣች።

ውጭ ካፊያው አባርቶ ነበር። ፎቶ አንሺው አባቷን መሃል፣ ሙሽሮቹን ግራና ቀኝ አቆመ። «አንዴ! ሌላ! አሁን ደግሞ አባት ላይ ደገፍ በሉ!» ኖላዊት ጥርሷን ብታሳይም ጆሮዋ ግድግዳውን አልፎ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ከበሮው ወፈረ። ትንሽ ቆይቶ የድምፁ ጫፍ ሻከረ፤ ሸማ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት። 

«ኖሊ፣ ስማይል!» አለ ፎቶ አንሺው።

የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ሮጠች።

ክትፎው አልቆ ኖሮ አዳራሹ በሞላ ተነስቷል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ወለሉ ይናጣል። ሮቢ ገመዱን ከሊሚተሩ ነቅሎ በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ላይ ሰክቶታል። ቀያዮቹ መብራቶች ብልጭ ድርግም ማለቱንም ትተው እንደበሩ ቀርተዋል። ዕቃውን ቁጭ ብለው ሊጠብቁ የነበሩት እትዬ እጅጋየሁ ደግሞ ቁጭ አላሉም። ለአባቷ የተዘጋጀውን ማይክ አንስተው፣ አፋቸው ውስጥ ሊከቱት ምንም አልቀራቸው፣ ምላሳቸውን ፈትተው እልል ይላሉ።

እልልታ! ከሰው ጉሮሮ የሚወጣ፣ ከዚያ የቀጠነ፣ ከዚያም የረዘመ ነገር የለም። ያ ሁሉ የሚሄደው ወደ ትንሿ ነው።

«እትዬ! ማይኩን! ማይኩን ያርቁት!» ማን ይስማት። በጨፋሪው መሃል እየተጋፋች፣ ሳትደርስ ነገሩ አለቀ። የእትዬ እጅጋየሁ ምላስ እየተርገበገበ እልልታው ከስፒከሩ ጠፋ፤ መጀመሪያ ከግራው፣ ወዲያው ከቀኙ። የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። ትልልቆቹ ግን ዱብ ዱብ ማለታቸውን አላቋረጡም፤ ጨፋሪውም ምንም ሳያውቅ መጨፈሩን ቀጠለ።

ኖላዊት አምፕሊፋየሩን አጠፋችው። ሁሉም ዞሮ አያት።

«ማን ነቀለው?»

ሮቢ ዓይኑን ከኪቦርዱ ላይ አላነሳም። «ለአንድ ዘፈን ብቻ እኮ ነበር... ሰው ሲነሳ ጊዜ... እትዬ ናቸው ጨምር ያሉኝ።»

«ብልስ?» አሉ እትዬ እጅጋየሁ። «ልጄን ስድር አፌን ልዝጋ? ደግሞስ ምን ሆነ? ይኸው ሲጮህ አልነበረም እንዴ!»

«ተቃጠለ እትዬ! ተቃጠለ! አባዬ አሁን በምን ይናገር?»

«ውይ በሞትኩት!» አሉ፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። «ታዲያ ቀደም ብለሽ አትነግሪንም?»

ቀደም ብላ!  ሳምንቱን ሙሉ ምን ስትል ነው የከረመችው?  ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል። መጥና የደቆሰችው እሷ፣ ድስቱን የገለበጡት እነሱ፣ ለቅሶው ደግሞ ለአባቷ ሊተርፍ ነው።

አምፕሊፋየሩን መልሳ ከፍታ፣ ጆሮዋን ከስፒከሮቹ አናት ላይ ለጥፋ ቀጭን ድምፅ ላከችባቸው፤ ከትንንሾቹ ምንም አልወጣም፣ ድንጋይ። የአዳራሹ የራሱ ስፒከሮች ጣሪያው ላይ ተሰቅለዋል፣ መቆጣጠሪያቸው ግን የተቆለፈ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ እሑድ ስልክ አያነሳም። የሮቢ ኪቦርድ የራሱ ድምፅ ማውጫ የለውም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ የታኮማ ሽማግሌዎችም ልክ ያን ጊዜ ደረሱ። ቀኑን ሙሉ ያልመጡት ሰዎች አሁን ቸኮሉ። «ዳቦው ይቅረብ!» ተባለ።

«አባዬ፣ ትንሽ ቆይ፣ ላስተካክለው» አለች፣ እንደማይስተካከል እያወቀች። አባቷ ግን ተነስተዋል። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጋራዥ ውስጥ እንደተለማመዱት ማይኩን ከንፈራቸው ላይ አስጠግተው ጀመሩ።

ከስፒከሮቹ የወጣው ቡፍ ቡፍ የሚል ንፋስ ነበር። ቃል የለበትም። ሰዉ በጨዋ ደንብ ዝም ብሎ ጠበቀ፤ አንዳንዱም ያለቦታው «አሜን» አለ። ከኋላ ጠረጴዛ አንዱ ጎረቤቱን «ምን እያሉ ነው?» ሲል ተሰማ። ሕፃን አለቀሰ፣ ሹካ ተንኳኳ፣ ወሬ ተጀመረ። ይሄ ሁሉ ለአባቷ ይሰማቸዋል። ሊጮኹ ታገሉ፣ የአንገታቸው ጅማት ተገተረ፤ የወጣው ግን ያው ንፋስ ነው።

አቶ አክሊሉ አዝነው ተነሱ። «ፍቅሬ፣ ወንድሜ፣ አትድከም። ፍቀድልኝና እኔ ልቀጥልልህ።»

አባቷ ማይኩን ዝቅ አደረጉ። አቶ አክሊሉን አላዩም። ያዩት ኖላዊትን ነው። በዓይናቸው ውስጥ ወቀሳ ቢኖር ይሻላት ነበር። የነበረው ግን እፍረት ነው፤ ልጁን መመረቅ ያቃተው ሰው እፍረት።

ቀጥሎ ያደረገችውን አላሰበችበትም። ወደ መሃል ገባች፣ ማይኩን ከእጃቸው ወስዳ ዳቦው አጠገብ አስቀመጠችው። ጆሮዋን ከአባቷ ከንፈር አገናኘች።

«በለኝ አባዬ። አንተ በለኝ፣ እኔ እላለሁ።»

«ምነው ልጅት!» አሉ እትዬ እጅጋየሁ። «ሽማግሌ ሞልቶ ያላገባች ልጅ ትመርቃለች እንዴ? ኧረ ነውር ነው!»

ቀኑን ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሏት የዋሉትን፣ ኖላዊት በተራዋ ጆሮ ዳባ ልበስ አለቻቸው። አባቷ ሹክ አሉ። እሷ ተቀበለች።

«ትዳራችሁ የአብርሃምና የሣራ ይሁን!»

ንዴቷ ገና አልወጣላትም ነበርና ምርቃቱ ከአፏ ሲወጣ ቁጣ ይመስል ነበር። ጉሮሮዋም ስትጮህ ውላ ሻክሯል። አዳራሹ እንደተቆጡት ልጅ ደንግጦ «አሜን!» አለ።

«ወልዳችሁ ሳሙ!» ትእዛዝ ነበር የሚመስለው።

«አሜን!»

«እጃችሁ የነካው ይባረክ! ከደጃችሁ እንግዳ አይጥፋ!»

«አሜን!»

«በዚህ አገር ዝናብ፣ በዚህ አገር ጨለማ፣ ቤታችሁ አይቀዝቅዝ!»

«አሜን!»

አባቷ የድሮው ምታቸው ተመለሰላቸው። አሜኑን ያስጨርሳሉ፣ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ ከዚያ ቃሉን ትኩስ ትኩሱን ጆሮዋ ውስጥ ያስቀምጡታል። የወጥ ቤቱ ሴቶች እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ። አቶ አክሊሉ እንደቆሙ መዳፋቸውን ዘረጉ። ሮቢ ከኪቦርዱ ኋላ አንገቱን ደፍቶ አሜን ይላል። እትዬ እጅጋየሁም ነውሩን ረስተውት እጃቸውን ዘርግተዋል፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ የሚሰማው የእሳቸው አሜን ነበር። ልዕልት ታለቅሳለች፤ ጌዴዎን የካባውን ጫፍ ይዞ እንባዋን ሊጠርግላት ይሞክራል።

ከዚያ አባቷ ቆም አሉ። ትከሻዋን ያዙ። አሁን የመጣው ሹክሹክታ ከቀደሙት ሁሉ የቀጠነ ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ ያልተለማመዱት።

«አንቺንም፣ ልጄ፣ ሰሚ አያሳጣሽ።»

ኖላዊት ልትደግመው አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣላትም። አዳራሹ እጁን እንደዘረጋ ጠበቃት።

«አሜን» አለች፣ ብቻዋን፣ ከከንፈሯ በማያልፍ ድምፅ።

«ምን አለ? ምን አለ?» አሉ እትዬ እጅጋየሁ። «አልሰማንም እኮ!»

«አልተሰማም!» አለ ከኋላ ጠረጴዛ ሌላው። «ድገሚልን!»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ይቺ የኔ ናት» አለቻቸውና ጆሮዋን መልሳ ለአባቷ ሰጠች።